ሳይቃጠል በቅጠል

ይህን የምጽፈው ለተማሪዎቻችን አይደለም። የመመረቂያ ጽሑፍ ለምታማክሩ፣ በፈተና ወንበር ለምትቀመጡ፣ የጆርናል ጽሑፍ ለምትገመግሙ የሙያ ጓደኞቼ ነው። አብዛኞቻችሁ እንደ እኔው ፀጉራችሁ ሸብቷልና ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። በየዓመቱ በፊርማችን የሚወጣው ያ ሰንጠረዥ ሰው እየጎዳ ነው። ዝም ካልን ይገድላል።

የቱን እንደምል ታውቃላችሁ። በግራ በኩል አልካሎይድ፣ ታኒን፣ ሳፖኒን፣ ፍላቮኖይድ፣ ተርፔኖይድ፣ ግላይኮሳይድ ይደረደራሉ፤ በቀኝ በኩል የመደመርና የመቀነስ ምልክት ይሞላል። ቅጠሉ ጥላ ሥር ደርቆ ይፈጫል፣ በሜታኖል ተዘፍዝፎ ይጠለላል፣ ከዚያ ጥቂት ጥቂቱ በየሙከራ ቱቦው ይቀዳል። ድራገንዶርፍ ሲጨመር ብርቱካናማ ዝቃጭ ከወጣ አልካሎይድ ነው፤ በፌሪክ ክሎራይድ ከጠቆረ ታኒን፤ ተንጦ አረፋው አልጠፋ ካለ ሳፖኒን። ጠዋት የተጀመረው ማታ ያልቃል። ሥራው በራሱ ክፉ አይደለም። ላብራቶሪው ደሃ፣ ተማሪው ብዙ በሆነበት አገር ቀጥሎ የት መቆፈር እንዳለበት የሚጠቁም ርካሽ ጅማሮ ነው። ጥፋቱ የሚመጣው ጅማሮው መጨረሻ ሲሆንና በማጠቃለያው ላይ «እነዚህ ውሕዶች በመገኘታቸው የተክሉ ባህላዊ አጠቃቀም በሳይንስ ተረጋግጧል» የምትለው ዓረፍተ ነገር ስትገባ ነው። ያቺን ዓረፍተ ነገር ስናነብ እናልፋታለን፤ ለምደናታልና።

እስቲ ቤታችሁ ያለውን ሻይ ቅጠል በሙቅ ውሃ ዘፍዝፉና ሲቀዘቅዝ ሁለት ጠብታ ፌሪክ ክሎራይድ ጣሉበት። ቀይ ቡናማው ወዲያው እንደ ቀለም ይጠቁራል። ታኒን፣ ሦስት ፕላስ። ሻይ የሚጠጣ ሕዝብ ሁሉ ግን ከቁስልና ከተቅማጥ አልዳነም። አረፋውም እንዲሁ ነው፤ ፕሮቲን ያለበት ኤክስትራክትም ሲናጥ አረፋ ይሰጣል። ድራገንዶርፍ እንኳ አልካሎይድ ላልሆነ ነገር ዝቃጭ ሲሰጥ የሚታይበት ጊዜ አለ። ለዚህ ነበር ባዶ ማነጻጸሪያና የታወቀ ናሙና ጎን ለጎን ይሠራ የምንለው። ዛሬ በስንቱ ጽሑፍ ውስጥ አለ?

ከስሕተቱ ይልቅ የሚያስፈራኝ ግን ትክክለኛው ፕላስ ነው። አልካሎይድ አለው ማለት ምን ማለት ነው? የወባው ክዊኒን አልካሎይድ ነው፤ የአስተናግር አትሮፒንም አልካሎይድ ነው፤ አስተናግር የበላ ሰው ምን እንደሚሆን የገጠር ልጅ ሁሉ ያውቃል። በሰሜን ምዕራብ ትግራይ፣ ታሕታይ ቆራሮ ላይ፣ እ.ኤ.አ. ከ2001 አንሥቶ ሆዳቸው እየተነፋ፣ ጉበታቸው እየደከመ የሞቱትን አስታውሱ። ለዓመታት ምክንያቱ ሳይታወቅ ቆየ። በመጨረሻ ምርመራው ያመለከተው አጄራተም ኮኒዞይደስ ወደሚባል አረም ነው፤ ዘሩ ከእህሉ ጋር ተቀላቅሎ ይበላ ነበር። በውስጡ ያለው ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ የጉበትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ይዘጋል። አንድ ቀን የበላው ሰው ምንም ላይሰማው ይችላል፤ ጉዳቱ በወራት ተጠራቅሞ ነው ብቅ የሚለው። ይኸው አረም በብዙ የአፍሪካ አገሮች ለቁስልና ለሌላም ሕመም መድኃኒት ተብሎ ይታወቃል፤ በእነዚያው ሰንጠረዦችም ላይ ፕላስ በፕላስ ሆኖ ተሞልቷል። ይባስ ብሎ የእነዚህ አልካሎይዶች ብዙው ክፍል በተክሉ ውስጥ የሚቀመጠው ኤን-ኦክሳይድ በሚባል ውሃ በሚያሟሟው መልክ ነው። በተለመደው የአሲድና የቤዝ አወጣጥ ወደ ክሎሮፎርሙ ስለማይሻገር መርዙ እያለ የመቀነስ ምልክት ሊጻፍለት ይችላል። ፕላሱ አያድንም፤ ማይነሱም አይምርም።

ፍላቮኖይድ ሲባል ደግሞ ሁላችንም ፊታችን ይፈታል፤ ጤና ይመስለናል። በብርብራ ፍሬ ውስጥ ያለው ሮቴኖን ከፍላቮኖይድ ዘመዶች አንዱ ነው። የወንዝ ዳር ልጆች ዓሣ አደንዝዘው ለመያዝ ብርብራ ሲወቅጡ ኖረዋል። ዓሣውን የሚያሰክረው ያው በሰንጠረዡ ላይ በደስታ የምንሞላው ቤተሰብ ነው።

በእኛው አገር ይህ ሥራ እንዴት መሠራት እንዳለበት ያሳየ ሰው ነበረ። አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዝያ ጥገኛ ትል የሚያድርበት ነው። እንዶድ ሳፖኒን እንዳለው ለማወቅ ላብራቶሪ አያስፈልግም፤ አረፋውን ማንኛዋም አጣቢ ታሳያችኋለች። አክሊሉ ግን «ሳፖኒን ተገኘ» ብሎ አልተነሣም። ስንት እንዶድ በስንት ውሃ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል ለካ፤ ዓሣውንም እንደሚጎዳ ሳይደብቅ ጻፈ፤ ዓድዋ ላይ ለዓመታት የመስክ ሙከራ አካሄደ። ከባልደረባው ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር የተሻለውን የእንዶድ ዓይነት ከብዙ ናሙና መካከል መረጡ፤ ዓይነት 44 የሚባለው ከዚያ የመጣ ነው። የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን የተቀበሉት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ ከዓድዋው ቀን 25 ዓመት በኋላ። በእኛ ሰንጠረዥ ቢሆን አንድ ከሰዓት በቂ ነበር።

ከእንዶድ ያልተማርነው ሌላም አለ። ፍሬው በውሃ ተወቅጦ ሲዘፈዘፍ በራሱ ውስጥ ያለው ኤንዛይም ይሠራና ከሳፖኒኑ ላይ በአንድ ወገን የተንጠለጠለውን ስኳር ይቆርጣል። ቀንድ አውጣውን አጥብቆ የሚገድለው ይህ የተቆረጠው ነው። በሜታኖል ብታወጡት ኤንዛይሙ አይሠራም፤ ስኳሩ በሁለቱም ወገን እንዳለ ይቀራል፤ የመግደል ኃይሉም ይደክማል። ይህን ለምን አነሣሁ? በሁለቱም አወጣጥ አረፋው ይወጣል፤ በሁለቱም ሳፖኒን ሦስት ፕላስ ይጻፋል። የባህል ዐዋቂው በውሃ ዘፍዝፎ የሚሰጠውን እኛ በሜታኖል አውጥተን «አረጋገጥንለት» ስንል የመረመርነው የእርሱን መድኃኒት አይደለም። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ እ.ኤ.አ. በ1971 አርቴሚሲኒን ያለበትን ኤክስትራክት ያገኘችው ሙቀት መድኃኒቱን እንደሚያጠፋው ጠርጥራ፣ የጥንቱን አዘገጃጀት ተመልሳ አንብባ፣ ዝቅ ባለ ሙቀት በኤተር ስታወጣው ነው። ቡድኗ ወደ 200 ከሚጠጉ ዕፀዋት ከ380 በላይ ኤክስትራክት አውጥቶ ወባ በያዛቸው አይጦች ላይ ሞክሯል። «ተርፔኖይድ ፕላስ» የሚለው መስመር በዚያ ሁሉ ድካም ውስጥ ምንም ቦታ አልነበረውም።

ኮሶንም ተመልከቱ። ዐዋቂው የሴቴዋን ዛፍ አበባ ለይቶ ያውቃል፤ ሲያረጅ ኃይሉ እንደሚደክም ያውቃል፤ በባዶ ሆድ ስንት እንደሚጠጣ፣ ለነፍሰ ጡርና ለደካማ እንደማይሰጥ ያውቃል። ከልክ ያለፈ ኮሶ ዐይን እንዳጠፋ በሐኪሞች ተመዝግቧል። ትሉን የሚያስወጣው ኮሶቶክሲንና ዘመዶቹ በኬሚካል ዓይነታቸው ፊኖል ናቸው። እንግዲህ በእኛ ሰንጠረዥ ላይ ኮሶ «ፊኖል» በሚለው ረድፍ ከሻይ ጋር እኩል ይቆማል! ዐዋቂው የያዘው መጠን፣ ጊዜና ክልከላ በሙሉ ተገፎ የቀረው ምልክት ነው። ያንን ነው «ባህላዊ ዕውቀትን በሳይንስ መደገፍ» የምንለው።

የተክሉ ማንነትስ? በጽሑፎቻችን «ከገበያ ተገዛ» ተብሎ ይታለፋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብራሰልስ ውስጥ ማቅጠኛ ክኒን ሲወስዱ ከነበሩ ሴቶች አንድ መቶ ገደማ የሚሆኑት ኩላሊታቸው ተበላሸ፤ ከእነርሱም ኋላ የሽንት ቧንቧ ካንሰር የያዛቸው ነበሩ። በክኒኑ ውስጥ መግባት የነበረበት ስቴፋኒያ የሚባል የቻይና ሐረግ ነበር፤ በቻይንኛ ስሙ የሚቀራረበው አሪስቶሎኪያ በቦታው ገባ። በእኛ አገር ደግሞ ለቀስት መርዝ የሚሆነው አኮካንቴራ ከአጋም ጋር ይመሳሰላል፤ እሾህ ባለመኖሩ ነው የሚለየው። ደርቆ ከተፈጨ እሾህ የት ይገኛል? አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም አለን፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የተጠናቀቀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ አለን። ቅርንጫፍ ከነአበባው በጋዜጣ ተጭኖ፣ ቁጥር ተሰጥቶት እዚያ ለማስቀመጥ የሚጠይቀው ገንዘብ ከአንድ ሊትር ሜታኖል አይበልጥም።

ባለፈው ክረምት አንዲት ዘመዴ አረንጓዴ ዱቄት የያዘ የፕላስቲክ ዕቃ ይዛልኝ መጣች። ለስኳር፣ ለደም ግፊት፣ ለጨጓራ፣ ለሪህና «ለጉበት ማጽጃ» ይላል። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል «በላብራቶሪ የተረጋገጠ» ተብሎ ያ ሰንጠረዥ ታትሟል፤ አልካሎይድ ሁለት ፕላስ፣ ሳፖኒን ሦስት ፕላስ። የተክሉ ስም የለም። መጠን የለም። ማን መውሰድ እንደሌለበት የሚል የለም። ሐኪም ያዘዘላትን የስኳር ክኒን ካቆመች ሦስተኛ ሳምንቷ ነበር። «ጋሼ፣ እናንተው አይደላችሁ እንዴ ያረጋገጣችሁት?» አለችኝ።

«ነጋዴው ላጣመመው እኛ ምን አገባን?» የሚል ካለ፣ ነጋዴው ምንም አላጣመመም። የማጠቃለያችንን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ገለበጠ። በቲክቶክና በቴሌግራም የሚሸጠውም እንዲሁ ነው፤ ጥቅሱ የእኛ ነው። አንዳንዱ ጽሑፍማ በፔትሪ ዲሽ ላይ ባክቴሪያው ያልበቀለበትን ክብ ለክቶ፣ በሚሊሊትር 50 ሚሊግራም ኤክስትራክት ባክቴሪያ ገደለ ብሎ «አዲስ አንቲባዮቲክ» ያበስራል። በዚህ መጠን የወጥ ቤት ኮምጣጤም ይገድላል። አምስት ሊትር ደም ባለው ሰው ውስጥ ይህን መጠን ለማድረስ ሩብ ኪሎ ኤክስትራክት ያስፈልጋል። ይህን ማስላት የአሥረኛ ክፍል ሒሳብ ነው፤ ፈታኙ ግን አይጠይቅም፤ ምሳ ሰዓት ደርሷል።

መሣሪያ የለንም፣ ኤን.ኤም.አር. ተበላሽቷል፣ ዶላር የለም ትላላችሁ፤ እውነት ነው። ነገር ግን ባዶ ማነጻጸሪያ ቱቦ ዶላር አይጠይቅም። ሻይ ቅጠልን ጎን ለጎን ማስኬድ ዶላር አይጠይቅም። ዐዋቂውን ቤቱ ድረስ ሄዶ፣ ፈቃዱን ጠይቆ፣ እንዴት እንደሚያዘጋጅና ለማን እንደማይሰጥ መጻፍ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ፒሮሊዚዲን እንዳለበት የተጠረጠረ የዕፀዋት ቤተሰብ ከሆነ ኤን-ኦክሳይዱን በዚንክ መልሶ መመርመር በየትኛውም የኬሚስትሪ ክፍል ይሠራል። በጨው ውሃ ውስጥ የሚፈለፈለውን ጥቃቅን ሽሪምፕ ለ24 ሰዓት ከኤክስትራክቱ ጋር ማቆየት መርዛማነትን ለመጠርጠር የሚበቃ ርካሽ ዘዴ ነው። እነዚህ ካልተሠሩ ደግሞ እውነቱን መጻፍ ነጻ ነው፤ «እነዚህ የውሕድ ቤተሰቦች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ስለማዳኑም ሆነ ስለመርዛማነቱ ይህ ጥናት ምንም አያሳይም»።

በዚህ ጉዳይ የሚቀየመኝ ካለ ይቀየመኝ፤ ከእንግዲህ ለማዕረግ የምጣጣርበት ዕድሜ የለኝም። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። በሚመጣው ሰኔ የመመረቂያ ጽሑፎች ሲቀርቡላችሁ የሄርባሪየም ቁጥር የሌለው፣ ዐዋቂው እንደሚያዘጋጀው ያልተዘጋጀ፣ በሰንጠረዡ ላይ ብቻ ቆሞ «ተረጋግጧል» የሚል ጽሑፍ ካገኛችሁ፣ ተማሪው ቢያለቅስም፣ ዲኑ ቢቆጣም፣ አትፈርሙ።