ግድግዳው ያልተመረገ ቤት

በጣራ ገዳም አካባቢ ካሉት መንደሮች በአንዱ፣ ጎረቤት በደቦ ተሰብስቦ ለአንድ አባወራ ቤት ሲያቆም አይታችኋልን? ምሰሶው ይተከላል፤ ማገሩ ይማገራል፤ ክረምት ሳይገባም ክዳኑ ይከደናል። ምርጊቱ ጊዜ ካነሰው ለበጋ ይተዋል። አባወራው በማገሩ መካከል የሚገባውን የደጋ ብርድ ችሎ ይኖርበታል። ቤቱ አላለቀም፤ ሆኖም ቤት ነው። ግድግዳው አምሮ ተመርጎ ጣራ ባይኖረው ግን የመጀመሪያው ዝናብ ጭቃውን አጥቦ ይወስደዋል።

ዛሬ ብዙ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች የሚሠሩት በደቦ ነው። በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች፣ ብዙዎቹም ያለ ደመወዝ፣ የየድርሻቸውን ይጨምሩበታል። በዚህ ሥራ መካከል ዘወትር የሚነሣ ክርክር አለ፤ ይኸውም ያላለቀ ክፍል ለሕዝብ ይቅረብ ወይስ እስኪያልቅ ይቆይ የሚል ነው። እኔ ይቅረብ እላለሁ፤ ነገር ግን የቀረበው ክፍል ትክክለኛ ሲሆንና ጉድለቱን የሚሸከመው ሰው ዐውቆ ሲቀበለው ብቻ ነው።

ፊንላንዳዊው ተማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑክስን ሲያሠራጭ ሥራው ጅምር መሆኑን አልሸሸገም። 1.0 የተባለው እትም የወጣው በ1994 ነው። ጅምሩን የወሰዱት ሊያርሙት የፈለጉ ሰዎች ስለ ነበሩ የተታለለ አልነበረም።

የራሳችን ፊደል ታሪክ ግን ከዚህ ይከብዳል። ዩኒኮድ ለዓለም ፊደላት የማይለዋወጥ ቁጥር የሚሰጥ የጋራ ሥርዓት ነው። ከእርሱ በፊት በአንዱ የአማርኛ መጻፊያ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ፊደሉ ይዘበራረቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የኢትዮጵያ ፊደል በ345 ምልክቶች ዩኒኮድ ውስጥ ገባ። ሥራው አላለቀም ነበር፤ ለሰባት ቤት ጉራጌና ለብሊን የሚያስፈልጉ ተጨማሪ ፊደላት የገቡት በ2005፣ የጉሙዝ በ2010፣ ሌሎች የጉራጌ ፊደላት ደግሞ በ2021 ነው። ቢሆንም በ1999 ለፊደላቱ የተሰጠው ቁጥር ስላልተለወጠ ያን ጊዜ የተጻፈ ጽሑፍ ዛሬም ይነበባል። ስለዚህ መጀመሩ ተገቢ ነበር እላለሁ። ይህን ስል ግን የምጽፈው በአማርኛ መሆኑን አልዘነጋም፤ ጣራው ቀድሞ የተከደነው ለእኔ ነው። በብርድ ለቆየው ጉራጌኛ ጸሐፊ ሃያ ሁለት ዓመት አጭር ጊዜ አይደለም። በደቦ ጊዜ እንኳ ባልተመረገ ቤት ለመግባት የሚወስነው አባወራው እንጂ ደበኛው አይደለም።

አንዳንዶች «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» በሚለው ተረት ማንኛውንም ጅምር ሥራ ይከላከሉበታል። የገማ እንቁላል ግን ዓመት ቢታቀፉትም እግር አያወጣም።

አንድ የደብረ ታቦር ተማሪ በደቦ በተሠራ መጻፊያ ድርሰት ጻፈ እንበል። ፕሮግራሙ ጽሑፉን በቀለም ማስጌጥ ገና ባይችል ተማሪው ቅር ይለው ይሆናል እንጂ የሚጠፋበት ነገር የለም። ጽሑፉን የሚያስቀምጠው ክፍል አንዴ እየሠራ አንዴ የሚከሽፍ ከሆነ ግን ሌሊቱን የደከመበትን ድርሰት በማግሥቱ ሲፈልገው ያጣዋል። ሠሪዎቹ «አላለቀም ብለን ነግረንህ ነበር» ቢሉት ድርሰቱን አይመልስለትም።