«ገባችሁ?» የምትለውን ጥያቄ እንተዋት

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትጓዙ ወረታን አልፋችኋል። በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሲሞሉ፣ የፎገራ ሜዳ ውሃ ተኝቶበት ሩዙ ብቻ ብቅ ብሎ ይታያል። ያደግሁት እዚያ ነው። አሁን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ሒሳብ አስተምራለሁ።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናዘዝ። ለዓመታት ሰሌዳውን ሞልቼ ዞር እልና «ገባችሁ?» እል ነበር። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል። ፈተና ሳርም ግን ስንቱ ወረቀት ባዶ ነው። አንድ የአገሬ ልጅ አንድም ቀን እጁን ሳያወጣ በመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤቱ ተባረረ። በኋላ ጓደኞቹ እንደነገሩኝ፣ ሌሊት ሌሊት በቴሌግራም ግሩፓቸው ሲጠይቅ ያመሽ ነበር። ልጁ ጥያቄ አላጣም፤ ክፍሌ ውስጥ መጠየቂያ ቦታ ነው ያጣው።

በተማሪው ብቻ አትፍረዱ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የገባውን ፕላዝማ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ፤ የቴሌቪዥኑ መምህር በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ መልሱንም ራሱ ይናገራል፣ ማንንም አይጠብቅም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ደግሞ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በሪሚዲያል በኩል የመጣ ልጅ «አልገባኝም» ማለትን እንደ ውርደት ቢቆጥረው አይገርምም።

አሁን በሌላ መንገድ እጀምራለሁ። አንድ ጥማድ፣ ሩብ ሄክታር ማለት ነው፣ የሩዝ ማሳ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ውሃ ቢቆም ስንት ሊትር ይሆናል? ሁለት ደቂቃ ለብቻ፣ ሦስት ደቂቃ ከጎን ካለው ጋር፣ በፈለጉት ቋንቋ። አንዱ 25,000 አለ፤ አንዷ 250,000። ማን ልክ እንደሆነ አልተናገርኩም። «እንዴት አገኘሽው?» አልኳት። 2,500 ካሬ ሜትርን በ0.1 አባዝታ 250 ሜትር ኩብ አገኘች፤ አንዱ ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ነው። ልጁም «ውይ፣ እኔ በ100 ነው ያባዛሁት» ብሎ ስህተቱን ራሱ ያዘው። ከኋላ ደግሞ አንዱ «መምህር፣ የእኛ ማሳ እኮ አራት ማዕዘን አይደለም፤ በወንዙ በኩል ጠማማ ነው» አለ። ኢንቴግራል የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው፤ ጠማማውን ማሳ በቀጫጭኑ ከፋፍሎ መደመር።

ከባዱ ሥራ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ገደማ መሆኑን አይታ ነበር። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲታገሱ የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፤ ዝም የሚሉትም መናገር ጀመሩ።

«ቻፕተሩስ መቼ ያልቃል?» የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። እውነት ነው፣ ክፍሉ ብዙ ሰው ነው፣ ኮርሱም ሰፊ ነው። ግን በየክፍለ ጊዜው አንዲት ጥያቄ ትበቃለች። ድሮም ቻፕተሩን የምጨርሰው እኔ እንጂ ተማሪዎቼ አልነበሩም።

ይሄ ደግሞ ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ሰምቶ ያርመዋል። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ የምንለውም እኛው ነን።

እናንተም ነገ መምህሩ «ገባችሁ?» ሲል፣ ካልገባችሁ «አዎ» አትበሉ። «እስከ ሦስተኛው መስመር ገብቶኛል፣ ከዚያ ጠፋብኝ» በሉ። ማታ ቴሌግራም ላይ የምትጽፉትን ጥያቄ ጠዋት ክፍል ይዛችሁት ኑ። ከጎናችሁ ያለውም እሱኑ ሊጠይቅ ፈርቶ ይሆናል።