ጎራዴ ከማሳልህ በፊት እጀታውን ነቅንቀው

እስቲ ዛሬ ስለ ስለት እናውራ። ለታቦት ስለሚገባው አይደለም፤ ስለ ብረት ስለት ነው።

የእህቴ ልጅ ባለፈው ዓመት ለዓድዋ በዓል ብሎ ከአዲስ አበባ ጎራዴ ገዝቶ መጣ። የድሮ ጎራዴ እንዳይመስላችሁ፤ ለማስታወሻ ተብሎ የሚሠራው ነው። ቀይ ሰገባ፣ የሚያብለጨልጭ ብረት፣ እጀታው ላይ አንበሳ። የካቲት 23 ጠዋት ነጭ ለብሶ፣ ጎራዴውን ታጥቆ ፎቶ ተነሳ። እኛም ላይክ አደረግን። እስከዚህ ድረስ ምንም ችግር የለም።

ችግሩ የመጣው ከበዓሉ በኋላ ነው። ልጁ ስልኩ ላይ የሚያያቸው ቪዲዮዎች አሉ። ጃፓኖች እርጥብ ሰሌን ጠቅልለው ያቆሙና በአንድ ምት ለሁለት ይከፍሉታል። "ጋሼ፣ እኛ ጋ ሰሌን ምን ያደርጋል፣ የሙዝ ግንድ ሞልቶ!" አለኝ። እውነቱን ነው። ቴፒ ላይ ሌላው ቢጠፋ የሙዝ ግንድ አይጠፋም፤ አንዴ ያፈራ ግንድ ደግሞ መቆረጡ አይቀርም። ጎራዴው ግን ዱልዱም ነው፣ ቅቤ አይቆርጥም። "እናሳለው" አለኝ። እኔም ምን አለበት ብዬ አብሬው ሄድኩ። ስለዚህ ጥፋቱ የሁለታችን ነው፤ አስቀድሜ ልናገር።

መጀመሪያ የሄድነው ገጀራችንን ወደሚስሉልን አባት ነው። ቡና ከመድረሱ በፊት፣ ማሳ የሚመነጠር ሰሞን፣ የሰፈሩ ገጀራ በሙሉ በእሳቸው እጅ ነው የሚያልፈው። ጎራዴውን ተቀበሉና ከሰገባው አወጡት። የገረመኝ ነገር ስለቱን አላዩትም። እጀታውን ይዘው ጆሯቸው አጠገብ ነቀነቁት። ቀጭ ቀጭ ይላል። ቀጥሎ ሞረድ አንስተው ከእጀታው አጠገብ አንድ ጊዜ ብቻ ገፋ አደረጉት። ሞረዱ ሳሙና ላይ እንደሄደ ገባ።

"ልጄ፣ ይሄን አልስለውም" አሉት። "ብር ጠልቼ አይደለም። ብረቱ ለስላሳ ነው፤ ስለት ባወጣለትም ሁለት ምት አይቆይም። እሱስ ምንም አይደል። ምላሱ አጭር ነው፤ እጀታው ውስጥ ገብቶ አልተያዘም። ስትመታበት ይወልቃል። ሲወልቅ ወዴት እንደሚሄድ አንተም አታውቅ፣ እኔም አላውቅ። ግድግዳ ላይ ስቀለው።"

ልጁ አኮረፈ። እኔም ሽማግሌው ነገር አከበዱ ብዬ ዝም አልኩ። ከዚያ በር ወደሚበየድበት አንድ ቤት ወሰደው። አንዱ ወጣት ግራይንደሩን አስነሳና በአምስት ደቂቃ ውስጥ፣ እሳቱ እየተረጨ፣ ግራና ቀኙን ላገው። 200 ብር። እውነት ለመናገር ጣት ይቆርጣል። ጠርዙ ላይ ግን እዚህም እዚያም ሰማያዊ ቀለም ወጥቶበታል። የገባኝ በኋላ ነው።

እሑድ ከጓሮ ቆምን። የመጀመሪያው ምት ያምራል፣ የሙዙ ግንድ ጥርት ብሎ ተቆረጠ። ሁለተኛው መሃል ላይ ተቀረቀረ። በሦስተኛው ልጁ እጅ ላይ የቀረው እጀታው ብቻ ነው። ብረቱ አጥሩን ተሻግሮ ሄደ። ከአጥሩ ማዶ ጎረቤታችን ልብስ እያጠበች ነው፤ የዓመት ልጇ ሳፋው አጠገብ ተቀምጧል። ብረቱ ከሳፋው ሁለት እርምጃ ቢርቅ ነው፤ ጭቃው ላይ ተሰክቶ ቆመ።

ማንም አልተጎዳም። እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ተረፍን ማለት ልክ ነበርን ማለት አይደለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳስበው የቆየሁትን ልጻፈው።

አንደኛ፣ ስለት የመጨረሻው ነገር ነው። እኛ መጀመሪያ አደረግነው። አንድ ገጀራ ገጀራ የሚሆነው ስለተሳለ አይደለም። ብረቱ አንድ ወጥ ነው፤ ምላሱ እጀታው ውስጥ ዘልቆ በሚስማር ተመትቷል። ቀጥቃጮቻችን ከመኪና ባሌስትራ የሚሠሩት ቢደነዝዝ ይሳላል እንጂ አይበተንም። ለጌጥ የተሠራው ጎራዴ ግን የተሠራው ለዓይን ነው። ዱልዱም ሆኖ የተሸጠው ሠሪው ረስቶት አይደለም፣ እንዳይመታበት ነው። ስንስለው ጎራዴ አላደረግነውም። የሚበር ቢላዋ ነው ያደረግነው።

ሁለተኛ፣ ሁሉም የሚያፋጭ ሰው ሳይ አይደለም። ግራይንደር ብረት ይበላል፣ ብረት ያግላል። ብረት ጠርዙ ላይ ሰማያዊ ከሆነ ተቃጥሏል፤ የነበረችውም ጥንካሬ እዚያ ቦታ ላይ ሄዳለች። ለዚህ ነው እኚያ አባት ከአጠገባቸው ውኃ የማይጠፋው፤ ለዚህ ነው ቀስ ብለው በአንድ አቅጣጫ የሚገፉት፣ ሞርደው ሲጨርሱም በድንጋይ የሚያለሰልሱት። የእሳቸው ትልቁ ሙያ ግን "አልስለውም" ማለታቸው ነው። ጃፓን ውስጥ የሰይፍ ሞራጅነት ራሱን የቻለ፣ ዓመታት የሚጠይቅ ሙያ ነው። እኛ ግን ገጀራ ሳዩን 20 ብር ጨምር ሲለን እንጨቃጨቃለን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን፣ ቀጥቃጩን በሥራው አትስደቡ ብለው አዋጅ አስነግረዋል። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ዛሬ ስድቡ ቢቀንስም ክፍያው ላይ ንቀቱ አለ።

ሦስተኛው ይከብዳል። የዚያን ቀን ማታ ጎረቤታችን እህቴን ለብቻዋ ጠራቻት። ስለ በረረው ብረት የምትቆጣ መስሎን ነበር። የጠየቀችው ግን አንድ ነገር ነው፤ "ጎራዴ የምታስሉት ለምንድነው?"

ይሄ ጥያቄ ሌላ ከተማ ቢሆን ያስቅ ይሆናል። ቴፒ ላይ አያስቅም። 1994ን የምናስታውስ አለን፣ 2011ን ሁላችንም እናስታውሳለን። ገጀራ እዚህ የእንጀራ ዕቃ ነው። ጠዋት ገጀራ ይዞ ወደ ቡና የሚሄድ ሰው ማንንም አያስደነግጥም፣ ሥራው ይታወቃላ። ተስሎ ቤት የተቀመጠ ጎራዴ ግን ሥራው ምንድነው? ልጃችን ለጨዋታ እንዳሳለው እኛ እናውቃለን፣ ጎረቤት ግን የልባችንን አያይም። ጎረቤት የሚያየው ብረቱን ነው።

"ባህላችን ነው" የሚለኝ አይጠፋም። እስማማለሁ፣ ግን ባህሉን በደንብ እንየው። በምኒልክ ዘመን መኳንንቱ ይታጠቁት ከነበረው ጎራዴ ብዙው ብረቱ ከጀርመን፣ ከዞሊንገን ከተማ የመጣ ነው፤ የአውራሪስ ቀንድ እጀታ የሚገጠምለትም ነበረ። ዋጋው የታወቀ፣ የተፈተነ ብረት ነው። ለልምምድ ደግሞ አባቶቻችን ስለት አይመዙም ነበር። ጉግስ ሲጫወቱ በፈረስ ላይ የሚወራወሩት ዘንግ ነው፣ የሚመክቱት በጋሻ ነው። ለጨዋታ ዘንግ፣ ለቁም ነገር ብረት። ሁለቱን ያደባለቅነው እኛ ነን።

ልጆቹን አትከልክሉ እያልኩ አይደለም፣ ከልክሉም እያልኩ አይደለም። መቁረጥ መለማመድ የሚፈልግ ወጣት ካለ ገጀራ ይያዝ፣ የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ይቁም፣ ከፊቱም ከጎኑም ከአጥሩ ማዶም ሰው አለመኖሩን ይይ። የበዓሉን ጎራዴ ለበዓል ተዉት። ዱልዱምነቱ ነውር አይደለም። እሳለዋለሁ የሚል ካለም እንደ እኚያ አባት መጀመሪያ እጀታውን ይነቅንቀው።

አበው "ስለት ድጉሱን፣ ክፋት ንጉሡን" የሚሉት ለካ ዝም ብሎ አይደለም። ስለት መጀመሪያ የሚጎዳው የገዛ ማኅደሩን ነው።

በነጋታው ያንን ብረት ይዤ ሽማግሌው ጋ ሄድኩ። ነገርኳቸው። "ብያችሁ ነበር" አላሉም። ሞረዱን አንስተው ልጁ ያሳለውን ስለት መልሰው አደነዘዙት። ስንት ልክፈል ብላቸው "ለማደንዘዝ አላስከፍልም" አሉኝ። አሁን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

እናንተ ሰፈር ገጀራ የሚስል ሰው አለ? ስንት ትከፍሉታላችሁ? እስቲ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ሰላም ዋሉ።