ጫማ ለእግር እንጂ እግር ለጫማ አልተሠራም

ሕዝባችን ጫማ ማድረግን እንዲለምድ መምከር ከጤና ጥበቃ ዋና ዋና ሥራዎች አንዱ ነው። ምክሩም የተገባ ነው። በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው ለመንጠቆ ትልና ለመንጋጋ ቆልፍ የተጋለጠ ነው፤ በደጋው ቀይ አፈር ላይ ዘመኑን ሁሉ ባዶ እግሩን የሚያርስም ሕዝቡ ዝሆኔ የሚለው የእግር እብጠት ሊይዘው ይችላል። ነገር ግን «ጫማ አድርጉ» የሚለው ቃል ብቻውን ግማሽ ምክር ነው። ሌላው ግማሽ «በእግራችሁ ልክ የሆነውን አድርጉ» የሚለው ነው። ዛሬ ስለዚሁ ስለ ሁለተኛው ግማሽ ለሐይቅና ለአምባሰል አንባቢዎቻችን ልናስገነዝብ እንወዳለን።

አንባቢ ሆይ፣ ጫማዎን አውልቀው እግርዎን ይመልከቱ። አውራ ጣትዎ ወደ ሁለተኛው ጣት አዘንብሎ፣ ከሥሩ በውስጥ በኩል ጉብታ ወጥቶ ከሆነ፣ ይህ የአውራ ጣት መጣመም የሚባለው ሕመም ነው። ብዙ ሰው ጉብታውን አዲስ የበቀለ አጥንት ይመስለዋል፤ ሌላውም «ብርድ ነው» ይላል። ሁለቱም አይደለም። ከአውራ ጣት በስተኋላ ያለው ረጅም አጥንት ወደ ውጭ ሲገፋ፣ ጣቱ ደግሞ ወደ ሌሎቹ ጣቶች ሲያጋድል፣ መገጣጠሚያው ገጥጦ ይታያል። የገጠጠውንም ጫማ ሲፈትገው ቆዳው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ያማል።

የዚህ ሕመም መነሻ አንድ ብቻ አይደለም። በዘር የሚወረስ የእግር ቅርጽ አለ፤ የመገጣጠሚያ መላላትና የመገጣጠሚያ ቁስለትም ያመጡታል። ሆኖም ጠባብ ጫማ ትልቅ ድርሻ እንዳለው የሚያስረዳ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1958 በታተመ አንድ የሆንግ ኮንግ ጥናት፣ ጫማ ከሚያደርጉት ቻይናውያን ከ100ው 33ቱ አውራ ጣታቸው የተጣመመ ሲሆን፣ ጫማ ከማያደርጉት ግን ከ100ው 2 እንኳ አልሞሉም። በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ከተማ ከጥንት መቃብሮች የወጡ አጥንቶች ተመርምረው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ሲገለጽም፣ ጫፈ ሹል ጫማ ፋሽን በሆነበት በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ዓመት የኖሩት ከቀደሙት ይልቅ እጅግ በበዛ ቁጥር በዚህ ሕመም ተይዘው ተገኝተዋል። ሴቶች ከወንዶች ይበልጥ የሚታመሙበትም አንዱ ምክንያት ጫፉ የጠበበና ታኮው የረዘመ ጫማ ነው።

«እንግዲያስ እንደ አባቶቻችን በባዶ እግር መሄድ ይሻላል» የሚል ሰው አይጠፋም። እኛ ግን ከዚህ አሳብ ጋር አንስማማም። ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው የቀረበለት ጫማ እግሩን ስላልተመቸው ነበር። በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ግን የተመቸውን ጫማ አድርጎ እንደገና አሸነፈ። ከዚህ የምንማረው የማይስማማ ጫማን መተውን እንጂ ጫማን ሁሉ መጥላትን አይደለም።

ይህ ነገር ለአገራችን ሰው ይልቁን ያስፈልገዋል። የአምባሰልን ቁልቁለት የሚወርድ ሰው እግሩ በጫማው ውስጥ ወደ ፊት እየተንሸራተተ ጣቶቹ በጫፉ ይጨፈለቃሉ። ስለዚህ ጫማ ሲገዛ ሊታሰብ የሚገባው እንዲህ ነው። በማታ፣ እግር በውሎው ጥቂት ባበጠ ጊዜ፣ በወረቀት ላይ ቆሞ የሁለቱንም እግሮች ዙሪያ በእርሳስ መሳል፤ ወረቀቱንም በሥዕሉ ልክ ቆርጦ ወደ ገበያ ይዞ መሄድና በጫማው ሶል ላይ ማስተያየት። ወረቀቱ ከሶሉ ወጥቶ ከተረፈ ያ ጫማ አይገዛ። ከረጅሙ ጣት ፊት አንድ ጣት የሚያህል ቦታ ይኑር፤ ጣቶችም ሳይደራረቡ ይንቀሳቀሱ። ከመጠን በላይ የሰፋም እግርን ስለሚያንሸራትት አይጠቅም። ይህ ዘዴ ለአዲስም ሆነ ለልባሽ ጫማ ይሠራል፤ ከወረቀትና ከእርሳስ በቀር ወጪ የለበትም።

ሕመሙ የጀመረው ሰው በመጀመሪያ ጫማውን ይለውጥ፤ ጫፉ ሰፊ፣ ታኮው አጭር፣ ቆዳው ለስላሳ ይሁን። ጉብታው ላይ ለስላሳ ጨርቅ ማድረግ ፍትጊያን ይቀንሳል። በጣቶች መካከል የሚገባ መለያም ሕመምን ያቀልላል፤ ይሁን እንጂ የተጣመመውን አጥንት አያቀናም። ወጌሻ ቢያሸውም አይመለስም። ሕመሙ ከመራመድና ከሥራ የሚከለክል ሲሆን፣ የአጥንት ሐኪም በራጅ መርምሮ አጥንቱን ቆርጦ የሚያቃናበት ቀዶ ሕክምና አለ። ከዚያም በኋላ ለመዳን ሳምንታትና ወራት ያስፈልጋሉ፤ ጉድለቱም አንዳንድ ጊዜ ይመለሳል። ስለሆነም ለመልክ ሲባል ብቻ የሚደረግ አይደለም።

ጉብታውን በምላጭ መቁረጥ ወይም በእሳት መተኮስ ግን ፈጽሞ የማይገባ ነው፤ ቁስሉ አመርቅዞ አጥንትን ሊያበላሽ ይችላል። አውራ ጣቱ ድንገት በአንድ ሌሊት ቀልቶና ግሎ ያበጠ ሰው ሕመሙ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። በስኳር በሽታ ወይም በሥጋ ደዌ ምክንያት እግሩ ስሜት ያጣ ሰውማ ጫማው ሲያቆስለው አይታወቀውምና በየማታው እግሩን ይመርምር፤ ቁስል ባየ ጊዜም ሳይውል ሳያድር ይታከም።

የተከበራችሁ መምህራን፣ የሕፃን አጥንት ገና ያልጠነከረ ነው፤ እግሩም በየጊዜው ያድጋል። ዓምና የተገዛው ጫማ ዘንድሮ ጠቦት ሳለ «ገና አላረጀም» ተብሎ የሚያደርግ ልጅ ጥቂት አይደለም። በመስከረም ትምህርት ሲጀመር በአንድ ክፍለ ጊዜ የተማሪዎቻችሁን እግር በወረቀት አስለክታችሁ ለወላጆቻቸው ብትልኩ ታላቅ አገልግሎት ትሰጣላችሁ። የደንብ ልብስ የሚያወጡ ትምህርት ቤቶችም ስለ ጫማ ቀለምና መልክ ከመደንገጋቸው በፊት ስለ ስፋቱ ይደንግጉ። ለልጁ የማይበቃ የሚያምር ጫማ ከማድረግ፣ በልኩ የሆነ ተራ ጫማ ማድረግ ለጤናው ይሻላል፤ ንጹሕ እስከሆነም ድረስ ነውር የለበትም። የሕፃንነት እግር አንድ ጊዜ ከተጣመመ በኋላ ለማቅናት የሚጠይቀው ገንዘብና ሕመም፣ ዛሬ ሰፋ ያለ ጫማ ለመግዛት ከሚጠይቀው እጅግ ይበልጣል።