ተከፍቶ ስለሚቈይ ሆድና ስለ መምጠጫው መኪና

በሐዋሳ ከተማ የሚገኘው የዩኒቨርሲቲው ሐኪም ቤት የሲዳማንና የአጎራባቹን አገር በሽተኛ ይቀበላል። አንጀቱ ተጠምዝዞ ወይም ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ከሩቅ ወረዳ ዘግይቶ የሚደርስ ሰው፤ ሆዱ መግል ሞልቶበት፥ አንጀቱም አብጦበት ይገኛል። ሐኪሙ አጥቦ ወዲያው በግድ ቢሰፋው የውስጡ ግፊት ኵላሊቱንና ትንፋሹን ሊያውክበት ስለሚችል፤ አንዳንዱን ለጥቂት ቀን ሳይዘጋ ያቈየዋል። ዘመድ ግን ይህን ባየ ጊዜ «ተስፋ ቢቈርጥበት ክፍቱን ተወው» እያለ ያለቅሳል። ነገሩ እንዲህ አይደለም።

ክፍቱን ሆድ መሸፈኛው ብልሃት ብዙ ነው። እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1984 ዓመት ኦስዋልዶ ቦራኤዝ የተባለ የኮሎምቢያ ሐኪም፤ የመድኃኒት ውሃ የሚያዝበትን ንጹሕ የላስቲክ ከረጢት ቀዶ በሆድ ላይ ሰፋው፤ ይህም ርካሽ ብልሃት እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ኋላም በ1997 አርጀንታና ሞሪክዋስ የተባሉ የአሜሪካ ሊቃውንት ቍስልን በስፖንጅ ሸፍኖ በመኪና መምጠጥን ጽፈው አስታወቁ። ለሆድ ሲሆን አስቀድሞ አንጀቱ በስስ ላስቲክ ይሸፈናል፤ በላዩ ስፖንጅ፥ በስፖንጁም ላይ አየር የማያስገባ ልባጥ ይደረግና፤ መኪናው ብዙውን ጊዜ በ125 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ልክ ይስባል። ፈሳሹ ወደ ዕቃው ይወርዳል፥ እብጠቱ ይቀንሳል፤ የሆዱም ጠርዝ ወደ ጎን እንዳይሸሽ ስለሚይዘው ኋላ መስፋቱ ይቀላል። ፋሻውም በየሰዓቱ መለወጡ ቀርቶ በኹለት በሦስት ቀን ይለወጣል።

ጥቅሙ ይህ ሲሆን ጉዳቱም ቀላል አይደለም። ስፖንጁ ራቁቱን አንጀት ከነካ አንጀቱ ሊበሳ ይችላል፤ የተበሳውም አንጀት በክፍት ቍስል ውስጥ ሲፈስ ለማዳን እጅግ ያስቸግራል። ደምም ሊፈስ ይችላል። በ2009 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት በዚህ ሕክምና በኹለት ዓመት ውስጥ፤ የማናቸውም ቍስል ተደምሮ፤ 6 ሰዎች መሞታቸውንና 77 መጐዳታቸውን አስታውቋል። መኪናውም ከኹለት ሰዓት በላይ ከቆመ ፋሻው መነሣት አለበት። (ጕርምርምታው እንቅልፍ ነሣው ብሎ የሚያጠፋ አስታማሚ አይታጣም።) በእኛ አሳብ መብራት በሚጠፋበት፥ በሌሊትም ጠባቂ ነርስ በሌለበት ስፍራ የኮሎምቢያው ከረጢት ይሻላል።

አስታማሚውም አንጀቱ በምን እንደ ተሸፈነ፥ መብራት ቢጠፋ ምን እንደሚደረግ ሐኪሙን ደፍሮ ይጠይቅ። በዕቃው ውስጥ ቀይ ደም ፈጥኖ ሲሞላ፤ ወይም አረንጓዴና ዐይነ ምድር የመሰለ ፈሳሽ ሲታይ፤ ሳይነጋ ነርሱን ይጥራ። ከሚመጠው ፈሳሽ ጋራ የሰውነት ገንቢ ምግብ አብሮ ይወጣልና፤ ሐኪሙ ይብላ ያለ ዕለት ከእንቍላሉ፥ ከወተቱ፥ ከሐይቁም ዓሣ አይጕደልበት።