ከሱቁ ዋጋ በኋላ
በፔታህ ቲክቫ ክፋር አቭራሃም ሰፈር የሚኖሩ አንዲት እናት ማዝጋናቸው (የአየር ማቀዝቀዣቸው) ተበላሽቶ ነበር። በአር-22 ጋዝ የሚሠራ አሮጌ ስለሆነ ባለሙያው «ይለወጥ» አላቸው። «የማሽኑንስ ዋጋ እንደምንም ቻልኩት፤ ቱቦው፣ የውጭ መስቀያው ብረት፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ፣ የገጣሚው እጅ ሁሉም ለየብቻ ይከፈላል ልጄ» አሉኝ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ከሱቁ ዋጋ በኋላ የሚመጣው ወጪ ነው። የእስራኤል ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ በአዳዲስ መኖሪያ ሕንፃዎች የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ እንዲተከል አስገድዷል፤ ሙቅ ውሃ የቤቱ አካል ሆነ ማለት ነው። ማዝጋንም ከዚያ አያንስም፤ የፔታህ ቲክቫ የነሐሴ ወበቅ ሌሊትም አይለቅም፤ ብርዱ ሲገባ ቤቱን የሚያሞቀውም ያው ማዝጋን ነው። በቢቱዋህ ሌኡሚ (በብሔራዊ መድን) ጡረታ ለሚኖሩ ሰው ማዝጋን ቅንጦት አይደለም። ነጋዴው ዋጋውን ከነማስገጠሚያው ይጻፍ፤ መንግሥትም ለአረጋውያን የመለወጫውን ወጪ ይጋራ።