ከመጠምጠም መማር ይቅደም

ወገኖቼ፤ በዚህች በካልጋሪ ከተማ ታክሲ ከመንዳቴ በፊት በአገር ቤት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነበርኩና፣ ዛሬ የምጽፈው ስለ ማስተማር ነው።

ያኔ «መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ» የሚባለው ነገር ወደ እኛ ሲደርስ አዳራሽ ሰብስበው ሣጥንና ቀስት የሞላበት ወረቀት አሳዩን። ስንት ቀን ተቀምጠን፣ አበላችንን ፈርመን ተለያየን። ተማሪው ግን መሸኛ ለማውጣት እንደ ወትሮው ከቢሮ ቢሮ ተንከራተተ።

ይኸው በሽታ ውቅያኖስ ተሻግሮ ተከትሎናል። ባለፈው ዓመት ለአነስተኛ ንግድ በተሰጠ አንድ ሥልጠና ላይ እነዚያው ሣጥኖች በእንግሊዝኛ ግድግዳው ላይ ሲበሩ አየሁ። ለሱቆች እንጀራ የሚጋግሩ እናቶች ዝም ብለው ሰምተው፣ የምስክር ወረቀት ተቀብለው ወጡ። ከእነሱ አንዲት እናት በረዶ አንሸራትቷቸው እጃቸው ሲሰበር ሥራው ቆመ፤ አብሲቱ መቼ እንደሚጣል ልጃቸው አታውቅማ! «ወረቀቱማ ተሰቅሏል፣ ልጄ» አሉኝ። አባቶቻችን ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት ይህን አይተው ሳይሆን አይቀርም።

«ሰዎቻችን አልተማሩም፣ አይገባቸውም» የሚሉ አሉ። ስሕተት ነው! የሥራን ሂደት በሥዕል የማሳየትን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1921 ለአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ያቀረቡት ፍራንክ ጊልብሬዝና ባለቤቱ ሊሊያን ነበሩ። ፍራንክ ደግሞ ሥራ የጀመረው በግንበኝነት ነው፤ ጡብ ከሚደረድሩ እጆች ነው የተማረው።

እንግዲህ የኔ ሐሳብ ይህ ነው፤ ፕሮጀክተሩ ይቅርና ሊጡ ይምጣ። እናቶች እያንዳንዱን ደረጃ በአማርኛ በየካርዱ እያጻፉ ወለሉ ላይ ይደርድሩት፤ ማቡካት፣ ከላይ ያለውን ውሃ መድፋት፣ አብሲት መጣል፣ መጋገር። «ኩፍ አለ ወይስ አላለም?» የሚለው ካርድ ዘንድ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ በካልጋሪ ብርድ ደግሞ እምቢ የሚልበት ቀን ብዙ ነው። ከዚያ ጋግሮ የማያውቅ ጎረምሳ ካርዱን ብቻ እያነበበ ይጋግር። የተደናገረበት ቦታ ላይ የጎደለ ካርድ አለ ማለት ነው። ሊጡ እስኪቦካ ቀናት ይፈልጋልና ሥልጠናው በአንድ ከሰዓት አያልቅም፤ ሲያልቅ ግን ሥራው ከአንድ ሰው እጅ ወጥቶ የቤተሰብ ሀብት ይሆናል።

ቀጣዩን ሥልጠና የምታዘጋጁ ሁሉ፣ አደራችሁን፤ ከመናገራችሁ በፊት እናቶችን ጠይቁ። ምጣዱን እኔ በታክሲዬ አመጣለሁ።